«ፓኒፓት» ፊልም ያላሳየን የጭቃ ግንብ

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሹቶሽ ጎዋሪከር ፊልም «ፓኒፓት»፣ ማራታዎችና አፍጋኖች በ1761 ሰሜን ሕንድ ውስጥ ስላደረጉት ውጊያ ነው። በመሃል አንድ ንጉሥ ብቅ ይላል፤ የባራትፑሩ ሱራጅ ማል። ፊልሙ ላይ «የአግራን ምሽግ ካልሰጣችሁኝ አላግዛችሁም» የሚል ተደራዳሪ ነው፣ በቃ። ወገኖቹ ጃቶች ራጃስታን ውስጥ ተቃውሞ አነሱ፤ ትዕይንቶችም ተቆረጡ።

ቁጣቸው ይገባኛል። ሱራጅ ማል ከውጊያው በፊት ጥምረቱን ትቶ ሄዷል፤ ከሽንፈቱ በኋላ ግን የሸሹትን ማራታዎች አብልቶ ያስጠለለውም እሱ ነው። ደግሞስ ለምን አያመነታ? በ1754 እኮ እነዚሁ ማራታዎች ኩምኸር የተባለውን ምሽጉን ለወራት ከበውት ነበር። አልያዙትም። ፊልሙ ይህን በደንብ ቢያሳየን ድርድሩ ስግብግብነት ባልመሰለን።

እኔን እንደ መሐንዲስ ይበልጥ የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ከገበሬዎች መሃል የወጣ ትንሽ መንግሥት በኃያላን መካከል እንዴት ቆመ? ዋና ከተማው ያለውን ሎሃጋርን እዩ። ስሙ «የብረት ምሽግ» ማለት ነው፤ የውጭ ግንቡ ግን ጭቃ ነው! ድንጋይ በመድፍ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ግንቡ ይናዳል። ወፍራም አፈር ግን አይሰነጠቅም፤ ይጠቀጠቃል። ጥይቱ ጉልበቱን እዚያው ጨርሶ ተቀብሮ ይቀራል። ቢበሳም በአካፋ ይደፈናል። ከፊቱ ደግሞ ውሃ የሞላ ጥልቅ ቦይ አለ። እንግሊዛዊው ጄኔራል ሌክ በ1805 አራት ጊዜ አጥቅቶ አራቴ ተመለሰ፤ ከ3,000 በላይ ወታደር ሞተበት፣ ቆሰለበት።

«ሎሃጋር ተሰብሮ አያውቅም» የሚሉ አድናቂዎችም ቢሆኑ ከፊልሙ አይሻሉም። በእነሱ አፍ ግንቡ ተአምር ይሆንና ፊዚክሱ ይጠፋል። ተሰብሯል። ጌታ ኮምበርሚር በ1825 መጨረሻ ከሌክ በብዙ የሚበልጥ መድፍ ይዞ መጣ። መጀመሪያ የያዘው ግን ቦዩ ውሃ የሚሞላበትን ግድብ ነው። መድፉ ጭቃውን በሚፈለገው መጠን አልንድ ሲለው፣ ወታደሮቹ ግንቡ ሥር ዋሻ ቆፍረው 4,500 ኪሎ ገደማ ባሩድ አፈነዱ። ጃንዋሪ 18 ቀን 1826 ባራትፑር ተያዘች።