የምጣድ ማሟሻ

ዛሬ ወሬዬን ከማድ ቤት ልጀምር ነው።

እናቴ አዲስ ምጣድ ስትገዛ ከገበያ እንደመጣች አትጋግርበትም። መጀመሪያ በጎመን ዘር ታሟሸዋለች። ይጠቁራል፣ ያጨሳል፣ ቤቱ በጭስ ይታፈናል። ከዚያ በኋላም ቢሆን የመጀመሪያዋ እንጀራ ለእንግዳ አትቀርብም። እሷ የምጣድ ማሟሻ ናት። አንዳንዴ ዓይን የላትም፤ አንዳንዴ ግማሿ ምጣዱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እኛ ልጆቹ በበርበሬ እያጠቀስን እንቀራመታታለን። እናቴ ግን እንጀራዋን ሳይሆን ምጣዱን ነበር የምታየው። እሳቱ በየት በኩል በዛ? ሊጡ ቀጠነ ወይስ ወፈረ? ማሟሻዋ የምትጋገረው ለመበላት ሳይሆን የምጣዱን ነገር ለመናገር ነው።

ይህን ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሥራው ኮምፒዩተር ነው። ባለፈው እሁድ ቡና ልንጠጣ ተቀምጠን ዓይኑ ደም መስሎ አየሁትና "ምን ሆነሃል?" አልኩት።

"የሙከራ ኔትወርክ ላይ አድሬ ነው ጋሼ። የብሎክቼይን።"

ዕድሜ ልኬን ግጥምና ልብወለድ ሳስተምር ለኖርኩት ሰውዬ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ነበረበት። ብሎክቼይን ማለት፣ እንደገባኝ ከሆነ፣ ሹም የሌለው መዝገብ ቤት ነው። በዓለም ዙሪያ የተበተኑ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት መዝገብ ይይዛሉ። አዲስ ገጽ የሚጨመረው ሲስማሙ ነው። እያንዳንዱ ገጽ የቀዳሚውን ገጽ ምልክት ስለሚሸከም መሐል ገብቶ የሚፍቅ ሰው ወዲያው ይነቃበታል።

"ሲበላሽስ ለማን ይደወላል?" አልኩት።

"ለማንም! ለዚህ እኮ ነው ጋሼ ቀድመን የምንሰብረው።"

ቀድመን የምንሰብረው! ይህቺ ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች። እናላችሁ ሳምንቱን ሙሉ እየጠየቅሁም እያነበብኩም ሰነበትኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኢቴሪየም የሚባለው ኔትወርክ ሙከራዎቹን የሚያደርግባቸው ወንድሞች አሉት። ሲሠሩ እውነተኛውን ይመስላሉ፤ በውስጣቸው የሚዘዋወረው ገንዘብ ግን ዋጋ የለውም። እስካሁን ከተጠቀመባቸው መካከል ሮፕስተን፣ ሪንክቢ፣ ሴፖሊያና ሆሌስኪ ይገኙበታል፤ አንዳንዶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ተዘግተዋል። ለካስ የባቡር ጣቢያ ስሞች ናቸው! ሁለቱ የስቶክሆልም፣ አንዱ የአቴንስ፣ አንዱ የፕራግ። አንድ የሥነ ጽሑፍ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ጣቢያ መድረሻ አይደለም። ወርደህ ጎማህን የምታይበት፣ ዕቃህን የምትቆጥርበት ነው።

በኦገስት 2020 ሜዳላ የተባለ የሙከራ ኔትወርክ ተከፈተ። ከ10 ቀን በኋላ ጉድ ፈላ። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር ሰዓቱን የሚቀበለው ከውጭ ነበርና የሰዓት ምንጩ ሲሳሳት ኮምፒዩተሮቹ ወደ አራት ሰዓት ያህል ወደፊት ሮጡ። ኔትወርኩ ለቀናት ተተራመሰ። የጠፋው ገንዘብ ግን ዜሮ ነበር፤ ማሟሻ ነበራ! ሁለት ትምህርት ግን ተገኘ። አንዱ ሰዓትህን ከአንድ ሰው አትጠይቅ የሚል ነው። ሌላው ሁላችሁም በአንድ ሶፍትዌር አትንጠልጠሉ የሚል ነው።

የእውነተኛው መነሻ ደግሞ የሚገርም ደንብ ነበረው። ቢያንስ 16,384 ተሳታፊ፣ እያንዳንዱ 32 ኢተር አስይዞ፣ ዝግጁ ነኝ ካላለ አይጀመርም ተባለ። ቁጥሩ በኖቬምበር 24 ከሞላ ዲሴምበር 1 ይጀመራል፤ ካልሞላ በሞላ በሳምንቱ። ሞላ፤ ዲሴምበር 1, 2020 ተጀመረ። ልብ በሉልኝ፤ ቀኑን የወሰነው የጥሪ ወረቀት ሳይሆን የሰዎቹ ዝግጁነት ነው።

ከዚያም በ2022 ዋናው ኔትወርክ ከዚህ አዲሱ ጋር ሊዋሐድ ሲል ሦስት ጣቢያ ላይ ቆመ። በጁን ሮፕስተን፣ በጁላይ ሴፖሊያ፣ በኦገስት ጎርሊ። ሴፕቴምበር 15 ቀን ውሕደቱ ሲፈጸም ኔትወርኩ አልቆመም። ይበላ የነበረው ኤሌክትሪክ ግን ከ99 በመቶ በላይ ቀነሰ። የሚሄድ መኪና ሞተር ሳያቆሙ መቀየር ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን የተሳካው አይደለም። በጃንዋሪ 2019 ኮንስታንቲኖፕል የተባለ ማሻሻያ ቀን ተቆርጦለት፣ ዓለም ተነግሮት፣ አንድ ቀን ገደማ ሲቀረው አንድ የመርማሪዎች ድርጅት "ለሌባ በር የሚከፍት ቀዳዳ አለ" አለ። ሰዎቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ያን ዕለቱን ተወያይተው ሰረዙት! ማሻሻያው የተተገበረው ፌብሩዋሪ 28 ነው። በዚህ የሞተም የተዋረደም የለም። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ሆሌስኪ ላይ አንድ ማሻሻያ ሲሞከር በሦስት ሶፍትዌሮች ውስጥ አንድ አድራሻ ተሳስቶ ተጽፎ ተገኘ። ኔትወርኩ ወደ ትክክለኛ ሥራው ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። "ጥቃቅን ነው፣ እንለፈው" አላሉም። ሁዲ የሚባል ሌላ የሙከራ ኔትወርክ ሠርተው እንደገና ሞከሩ። እውነተኛው ላይ የወጣው ሜይ 7 ቀን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ።

በቀደም አንድ ማስረጃ ላወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ እናንተም ሌላ ቦታ አይታችሁታል። አዲሱ አሠራር የተመረቀው በዚያው ሳምንት ነው። ባነሩ ገና አልወረደም። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል "ሲስተም የለም አባቴ" አለችኝ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት ሦስተኛ ቀናቸው ነው። "ልጄ፣ ይሄ ሲስተም የሚባለው ሰውዬ መቼ ነው የሚገባው?" አሉኝ። ሳቅሁ። ወዲያው ግን አፈርኩ፤ የሦስት ቀን የታክሲ ሒሳባቸውን ሳስበው። የድሮው መዝገብስ ብዬ ጠየቅሁ። "ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል። አዲሱ ተመርቋል እኮ!" ተባልኩ። ምጣዱ ሳይሟሽ የድሮው ምጣድ ተሰብሯል ማለት ነው።

በአማርኛችን "የምጣድ ማሟሻ አደረጉኝ" የሚል አነጋገር አለ። መከራውን አስቀድሞ የሚቀበል ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ሙከራ የሚባል ነገር አይቀርም፤ ጥያቄው ማን ላይ ይሞከራል ነው። እናንተ ቀድማችሁ ካልሰበራችሁት እኚያ እናት ላይ ይሰበራል።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። በኤፕሪል 2021 የአምስት ሚሊዮን ተማሪዎቻችንን ውጤት ካርዳኖ በተባለ ብሎክቼይን ለመያዝ በትምህርት ሚኒስቴርና በአይኦኤችኬ መካከል ስምምነት መደረጉ ይፋ ሆኖ ነበር። እንደ አስተማሪ ያኔ የመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ የፈተና ውጤት ስገለብጥ ተሳስቼ አውቃለሁ፤ ተማሪው አልቅሶ መጣ፣ በላጲስ አጠፋሁለት። በማይፋቅ መዝገብ ላይ የሚጽፍ ሰው ከመጻፉ በፊት እጁን ስንት ጊዜ ማሟሸት አለበት?

በእርግጥ የሙከራ አምላኪ እንዳልሆን ያስጠነቀቀኝም የእህቴ ልጅ ነው። ዋጋ በሌለው ገንዘብ የሚጫወት ሰው እንደ ባለገንዘብ አይጠነቀቅም፤ ሌባውም አይመጣም። ስለዚህ ሙከራ ሁሉን አያሳይም። ሶላና የተባለው ኔትወርክ በማርች 2020 ሲከፈት ስሙ ላይ "ቤታ" የሚል ቃል ነበረበት፤ ገና እየተሞከረ ነው ለማለት። በሴፕቴምበር 2021 የመልእክት ጎርፍ ወርዶበት 17 ሰዓት ያህል ቆመ። ስም ላይ ቤታ መለጠፍ ሐቀኝነት ነው። ገንዘቡን ያስቀመጠው ሰው ግን የቤታ ገንዘብ አላስቀመጠም።

መዘግየትም የራሱ ሱስ አለው። እኔ ራሴ መሳቢያዬ ውስጥ 18 ዓመት ሙሉ "አልደረሰም" የምለው ረቂቅ ልብወለድ አለኝ። ያ ጥንቃቄ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ልዩነቱን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ የሚጠነቀቅ ሰው ምን እንደቀረው ቆጥሮ ይነግራችኋል። የሚፈራ ሰው "ትንሽ ይቆይ" ይላል።

ይህን ሁሉ ስሰብክ ንጹሕ ሰው አይምሰላችሁ። ኮሌጅ ሳስተምር ተማሪዎቼ አንድ ተውኔት ያዘጋጁ ነበር። ቀን ተቆርጧል፣ እንግዳ ተጠርቷል፣ የጥሪ ወረቀቱ ላይ ስሜ በትልቁ ታትሟል። ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ቃለ ተውኔት የረሳን የሚያስታውስ አንድ ዝምተኛ ልጅ ሦስት ቀን ሲቀረው ቢሮዬ መጣ። "መምህር፣ ሦስተኛው ገቢር አልደረሰም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳ አልሄድንበትም። በአንድ ሳምንት ብናራዝመው" አለኝ። ምን አልኩት መሰላችሁ? "ሟርተኛ አትሁን!"

ሦስተኛው ገቢር ላይ መሪዋ ተዋናይ ቃሉ ጠፋባት። ልጁ ከጀርባ ቢያንሾካሹክም አልሰማችውም። ሌላው ተዋናይ ደንግጦ ሁለት ትዕይንት ዘለለ። አዳራሹ በሞት ትዕይንት ላይ ሳቀ። እንግዶቹ "ተማሪዎች ናቸው እኮ" ብለው ረሱት። እኔንም ማንም አልወቀሰኝም። ያቺ ልጅ ግን ኮሌጁን እስክትጨርስ ድረስ መድረክ ላይ አልወጣችም። የእኔ የምጣድ ማሟሻ እሷ ነበረች።

ስለዚህ እነዚያ ኮምፒዩተር ሠሪዎች ከእኔ የሚበልጡት በዕውቀት ብቻ አይደለም። "ቀዳዳ አለ" ያላቸውን ሰው ሟርተኛ አላሉትም፤ ቀኑን ሰረዙለት። እኛ ለምረቃ ሪባን ቆራጭ እንጠራለን፣ ፎቶ አንሺ እንጠራለን። "አልደረሰም" ለሚል ሰው ግን አንድ ወንበር አናስቀምጥም።

ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። የት እንዳለ አላውቅም። ምናልባት ይህን ጋዜጣ ካገኘኸው፦ ልክ ነበርክ። አንድ ሳምንት መስጠት እችል ነበር።

ቸር ያሰንብተን።