ብረት የቀለጠበት ሥፍራ ሲጎበኝ

ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ የሌለው ስልክ ማለት ነው። ሬዲዮ ቴሌግራፍ ለአገሩ እንግዳ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ አዲሱን መሣሪያ በራሱ ቋንቋ ሰየመው፤ ስያሜውም በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኝ ሰፈር መጠሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ክፍለ ከተማው፣ ቀለም ፋብሪካው፣ ፖሊቴክኒክ ኮሌጁ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራሉ። ነገር ግን ስሙን በየዕለቱ ከሚያነሣው ሰው ብዙው መሣሪያውን አያስብም፤ በመሣሪያው ላይ ተረኛ ሆነው ሌሊቱን ያነጉ የነበሩትንማ ማን ያነሣቸዋል?

ከዚህ ሰፈር አንሥቶ በሳሪስና በቃሊቲ በኩል እስከ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ብዙ የፋብሪካና የመጋዘን ግቢ አለ። ፋብሪካም እንደ ሰው ያረጃል። ያረጀው ፋብሪካ ምን ይሁን ተብሎ ሲጠየቅ በአውሮፓ የተሰጠውን መልስ የኢትዮጵያ ተማሪ ሊያውቀው ይገባል፤ ሳይመረምር ሊቀበለው ግን አይገባም።

በጀርመን አገር በዱይስቡርግ ከተማ ማይደሪሽ በተባለው ሥፍራ የነበረው የብረት ማቅለጫ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ሥራውን አቆመ። ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር፤ አላፈረሱትም። ፔተር ላትስ የተባለ የመናፈሻ ንድፍ ዐዋቂ ባወጣው ዕቅድ መሠረት እቶኑና ቧንቧው ባሉበት ተጠብቀው ግቢው በ1994 ለሕዝብ ተከፈተ። የጋዝ ማጠራቀሚያው ውኃ ተሞልቶበት የጠላቂ ዋናተኞች መለማመጃ ሆነ። ወደ እቶኑ ነፋስ ይነፉ የነበሩት ታላላቅ መኪናዎች የቆሙበት አዳራሽ፣ ማለት የወናፉ ቤት፣ ሙዚቃና ትያትር ማሳያ ሆኗል። ሥፍራው ውብ መሆኑን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ዛሬ አድማጭ ትንፋሹን ውጦ ሙዚቃ የሚሰማበት ይህ ቤት በሥራው ዘመን ሠራተኛው የባልንጀራውን ድምፅ ለመስማት የሚቸገርበት ቤት ነበር። ጎብኚው ይህን ሳይረዳ ከወጣ ያየው ያማረ ፍርስራሽ ነው እንጂ የብረት ፋብሪካ አይደለም።

በዚያው በጀርመን የሚገኘው የፎልክሊንገን ማቅለጫ በዚህ ረገድ ይሻላል። እርሱም በ1986 ተዘግቶ በ1994 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በአዳራሹም ሙዚቃ ይሰማበታል፣ ሥዕል ይታይበታል። ነገር ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በግዴታ እየተነዱ በዚያ ለሠሩት ብዙ ሺህ ሰዎች በ2018 ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሪስቲያን ቦልታንስኪ መታሰቢያ አቆመላቸው፤ በዚያም የሠራተኞቹ ስም በሹክሹክታ ሲጠራ ይሰማል። እዚህ ላይ ድምፁ ከሥፍራው ታሪክ ጋር ተገናኝቷል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ ቀረብ የሚለው ምሳሌ ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘው ጋፋት ነው። በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና የመጡት የእጅ ሥራ ዐዋቂ ሚስዮናውያን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ መድፍ ያቀለጡት በዚያ ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ ንጉሠ ነገሥቱ ሴባስቶፖል ብለው ሰየሙት፤ ወራት በፈጀ ጉዞም በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ባረፉ ጊዜ መድፉ እዚያው ቀረ፤ አምሳያውም በኋላ ዘመን በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ተተከለ። በቅድሚያ አንድ ነገር ይታረም። ሴባስቶፖል የተሠራው ከነሐስ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው ስለዚህ መድፍ ሲሉ ጋፋትን የብረት ፋብሪካ ማለት ልክ አይደለም። ከዚህ የሚከብደው ስሕተት ግን ሌላ ነው። የጋፋት ታሪክ ሲተረክ በመድረኩ ላይ የሚቆሙት ንጉሠ ነገሥቱና ሚስዮናውያኑ ብቻ ናቸው። ቴዎፍሎስ ቫልድማየር የሕይወቱን ታሪክ በ1886 በእንግሊዝኛ አሳትሟል፤ ሞሪትዝ ሆልም በየመጽሐፉ ይጠቀሳል። ሸክላ ያቦኩት፣ ከሰል ያከሰሉት፣ ሥራውን ይማሩ ተብለው የተሰጡት የአገሩ ልጆች ግን ብዙውን ጊዜ በጅምላ ይነሣሉ።

ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ ማረሻውንና ጦሩን እየሠራ የሚሰጥ፣ ራሱ ግን በቡዳነት የሚጠረጠር ሰው ሆኖ ኖሯል። በጎንደርና በአካባቢው በብረትና በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤል የደረሰባቸው ነቀፌታ የተሰወረ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ በ1900 ዓ.ም. ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበረ ያሳያል። እንዲህ ባለ አገር ማቅለጫውን አስጊጦ ሠራተኛውን መርሳት የቆየውን ንቀት በአዲስ ልብስ መቀጠል ነው። ዱይስቡርግ ይህ ችግር በዚህ መልኩ ስላልነበረበት እርሱን እንዳለ መቅዳት የማይበቃው ስለዚህ ነው። ጋፋት ላይ ቤተ መዘክር ቢሠራ ከመድፉ አምሳያ አስቀድሞ ሊገባ የሚገባው ወናፉ፣ መስፉና ጉጠቱ፣ ከነሱም ጋር የባለቤቶቻቸው ታሪክ ነው።

ለነፋስ ስልክና ለአጎራባቾቹ ሰፈሮች ደግሞ ጊዜው አላለፈም። በየብረታ ብረት ቤቱ ላሜራ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ የሚሉት ቃላት ይሰማሉ። ከጣሊያንኛ መምጣታቸው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ማን ለማን እንዳስተማረ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ፋብሪካ ሲገባ የአባቱን ሙያ ይናገር ወይስ ይደብቅ እንደነበር በመዝገብ አይገኝም። ይህን ሊናገሩ የሚችሉት ጡረታ የወጡት ሠራተኞች ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ እድሜያቸው ገፍቷል።