ጠመንጃው የሚነክስበት ሰዓት

በአብዛኛው የተኩስ ጌም ውስጥ ጠመንጃ አያረጅም። ጭቃ ውስጥ ብትንከባለሉ፣ ቀኑን ሙሉ ብትተኩሱ፣ መሣሪያው እንደ መጀመሪያው ቀን አዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ሜትሮ ኤክሶደስ» ግን ከዚህ ልማድ ወጣ ይላል። ውድ አንባቢዎች፣ የጌሙን ስም ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል፤ እዚህ የምንመለከተው ግን ጥቂቶች ልብ የሚሉትን አንድ ክፍሉን፣ የመሣሪያ ጽዳትን ነው። በአውሮፓ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ የተመደበ ጌም በመሆኑ ታናናሾቻችሁ ባሉበት እንደማይከፈት አስቀድሜ ላሳስባችሁ።

ታሪኩ የተነሣው ከዲሚትሪ ግሉኮቭስኪ ልብ ወለዶች ነው። ከኑክሌር ጦርነት በኋላ በሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻዎች ያደገው አርቲዮም፣ ከባለቤቱ ከአናና ከጓዶቹ ጋር «አውሮራ» በምትባል ባቡር ሩሲያን ያቋርጣል። በዚያ ዓለም አዲስ ነገር የሚያመርት ፋብሪካ የለም። ያለው ሁሉ ከፍርስራሽ የተለቀመ፣ የተጠጋገነ ነው።

ጠመንጃውም እንዲሁ ነው። በተኮሳችሁ ቁጥር እየቆሸሸ ይሄዳል፤ እድፉም በዓይን ይታያል። ቸል ካላችሁት ጥይቱ ይቀረቀርና ይነክሳል። የሚነክሰው ደግሞ ጠላት ፊታችሁ ሲቆም ነው፤ በሰላሙ ሰዓት ማን ይተኩስና! ጌሙ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶች ምክር ያለ ስብከት ያስተምራል። ቸልተኝነት የሚጠራቀመው በዝምታ ነው፤ ሂሳቡን የሚጠይቀው ግን በክፉ ቀን ነው።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለው። ጠመንጃው የሚወለወልበት ኬሚካልና የቁስል መድኃኒት የሚሠራበት ኬሚካል የሚወጡት ከአንድ ከረጢት ነው። መድኃኒቱን በየትኛውም ቦታ ከቦርሳችሁ አውጥታችሁ ትሠራላችሁ፤ ለጽዳቱ ግን የሥራ ጠረጴዛ መፈለግ አለባችሁ። ስለዚህ ጠረጴዛው ጋ ስትደርሱ ምርጫ ይገጥማችኋል፦ ለመግደያው ወይስ ለመዳኛው? በዚያ ላይ ጌሙ የሰው ሕይወት ለሚያተርፍ ተጫዋች የታሪኩን ፍጻሜ ያሳምርለታል። ጥቂት የሚተኩስ ሰው ጠመንጃው ብዙም አይቆሽሽም፤ ኬሚካሉም ለመድኃኒት ይተርፈዋል። ምሕረት በከረጢቱ ውስጥ ሳይቀር ይቆጠራል ማለት ነው። ይህን የመሰለ አሠራር በጌም ዓለም ብዙ አይገኝም።

ጉድለቱ ያለው በጽዳቱ አፈጻጸም ላይ ነው። ጠረጴዛው ጋ ቁልፍ ትጫናላችሁ፤ ኬሚካሉ ይቀነሳል፤ ጠመንጃው ይነጻል። አለቀ። ይህ ከመንከባከብ ይልቅ ለመግዛት ይቀርባል። ይኸው ጌም የተሻለ እንደሚያውቅ ግን ራሱ ያሳየናል። የጋዝ ጭምብሉ መስታወት ሲቆሽሽ አርቲዮም በእጁ ይጠርገዋል፤ ሲሰነጠቅም ይለጥፈዋል። «ቲኻር» የተባለው በአየር ግፊት የሚሠራ ጠመንጃ ደግሞ በእጅ ካልተነፋ ጉልበት የለውም። በጨለማ ውስጥ ኮቴ እየሰማችሁ አየሩን ስትነፉ፣ ለአንድ ዕቃ መጠንቀቅ ጊዜና ትዕግሥት እንደሚጠይቅ እጃችሁ ራሱ ይማራል። ጽዳቱም እንዲህ ቢሠራ ኖሮ ጌሙ የጀመረውን ትምህርት ይጨርስ ነበር።

ያም ሆኖ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ይመሰገናል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ፋር ክራይ 2» ውስጥም ጠመንጃ ይዝጋል፣ ይነክሳል፣ በመጨረሻም ይሰበራል፤ ነገር ግን የሚወለውለው የለም። አንዴ የገዛችሁትን ዓይነት ከመጋዘን አዲስ ታነሣላችሁ፤ አሮጌውን ትጥላላችሁ። አንደኛው ጌም ያረጀ ነገር እንደሚጣል ይነግረናል፤ ሌላው፣ ጎደሎ ቢሆንም፣ እንደሚጠበቅ።

የመዘምራን ጊታርም ሆነ የቆየ ጓደኝነት በዚህ ሕግ ሥር ናቸው፤ የሚበላሹት ማንም ሳያያቸው ነው። በቡድናችሁ ስትገናኙ ይህን ተወያዩበት፦ በቁልፍ ሳይሆን በእጅ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ የምትጠብቁት ነገር ምንድን ነው? መልሱ ቶሎ ካልመጣላችሁ አትለፉት፤ እዚያው ላይ ቆዩ።