«መከላከል» እና «ማጥፋት»፦ ስለ እሳት አደጋ ሙያ ቃላት

«መከላከል» የተባለው ቃል በእሳት አደጋ ሥራ ሁለት ሸክም ተጭኖበታል፤ እሳት እንዳይነሣ መጠንቀቅንም የተነሣውን ማጥፋትንም እንዲገልጽ ተደርጓል። የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ቀድሞ በስሙ «መከላከልና መቆጣጠር» ማለቱ ልዩነቱን ለማመልከት ቢረዳም፣ «መቆጣጠር» ፍተሻንም ስለሚያሳስብ ጉድለቱን አልሞላም።

በድጓ ማስመስከሪያዋ በጋይንቷ ቤተ ልሔም የዜማ ምልክት ቢምታታ መምህሩ ያርማል፤ ዜማውም ይቃናል። በሣር ጎጆ የሚያድር የአብነት ተማሪ ግን «የእሳት መከላከያ» ሲባል የማጥፊያ ዕቃ ብቻ ከመሰለው፣ እሳቱን ከክዳኑ ማራቁን ይዘነጋል፤ የተቀጣጠለ ሣር ደግሞ እርማት አይጠብቅም።

ስለዚህ እሳቱ ሳይነሣ «መከላከል»፣ ሲነሣ «ማጥፋት»፣ ሰውን ከውስጡ ማውጣት «መታደግ» ይባል፤ ሦስቱም ነባር ቃላት ናቸውና አዲስ መፍጠር አያሻም።