መጽሐፍ ከአናቱ አይሳብም

አንድ ሰው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ከመደርደሪያ መጽሐፍ ሲያወርድ እጁን ተመልከቱ። አብዛኞቻችን ሌባ ጣታችንን በመጽሐፉ ጀርባ አናት ላይ ቆልፈን ወደ እኛ እንስባለን። መጽሐፉ ይመጣል፤ በሃያኛው ወይም በሠላሳኛው ጊዜ ግን የጀርባው ጫፍም ተገንጥሎ ይመጣል። ሥራውን የተማረ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እንዲህ አያደርግም። በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት መጻሕፍት በጣቶቹ ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገፋቸዋል፤ መካከለኛው ጎልቶ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ወገቡን ይዞ ያወጣዋል። ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። “ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል” የሚለው ተረት ስለ መጽሐፍ ባይነገርም፣ የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት በግማሹ ውስጥ አለ።

ይህ እጅ ከተፈጥሮ አይገኝም፤ ይሠለጥናል። ችግሩ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ሲሠምር የማይታይ መሆኑ ነው። ላልተቀደደ ገጽ ማን ምስጋና ያቀርባል? በቦታው በተገኘ መጽሐፍስ ማን ይደነቃል? እኔ ዛሬ ልደነቅበት ተቀምጫለሁ፤ ሥራው የሚሠራበትንም ቦታ ዳሪሙ አድርጌዋለሁ።

ዳሪሙ በኢሉ አባ ቦር ዞን ካሉት ወረዳዎች አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የዞኑ ዋና ከተማ መቱ ይገባል፤ ለዳሪሙ ግን ገና መንገድ ይቀረዋል። አገሩ የቡና አገር ነው። በዚሁ ዞን ያለው የያዩ ደን በዱር ቡናው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ገብቷል። ቡናውን ያበቀለው ዝናቡ ነው፤ እዚያው ዞን ባለችው ጎሬ ላይ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ለቡና የተመቸ አየር ግን ለወረቀት አይመችም። በክፍሉ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ከ65 በመቶ አልፎ ከሰነበተ ሻጋታ ከመጽሐፍ ላይ ይበቅላል። በዚያ ላይ የንባቡ ቋንቋ ሦስት ነው፤ አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደሉ በቁቤ፣ አማርኛ በፊደል፣ እንግሊዝኛም አለ። ሙያውን የሚፈትነው ነገር ሁሉ እዚህ ይገናኛል። እንግዲህ በወረዳው ውስጥ አንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እናስብ፤ አንዲት ሠራተኛም ቁልፉን ተረክባ ትግባ። ምን ማወቅ አለባት?

መጀመሪያ ዝናቡን። መደርደሪያውን ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ታርቀዋለች፤ አየር ከኋላ እንዲዞር። የታችኛውን ረድፍ ከወለሉ አንድ ስንዝር ታነሣዋለች፤ ውሃ ቢገባ እንዳይደርስበት፣ ምስጥም የጭቃ መንገዱን ሲሠራ እንዲታያት። መጻሕፍቱን ጠቅጥቃ አትደረድርም፤ አላልታም አትተዋቸውም። የተጠቀጠቀው ሲወጣ ይቀደዳል፣ የላላው ተዘምሞ ጀርባው ይጣመማል። ልኩን የሚነግራት እጇ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ጎረቤቶቹ ሳይወድቁ ከቆሙ፣ ሲመለስም ሳይታገል ከገባ ልክ ነው። መስኮት መክፈትም ጥበብ አለው። “አየር ይግባ” ብሎ በዝናብ መክፈት እርጥበትን ጠርቶ ማስገባት ነው። ፀሐይ የወጣበት ደረቅ ሰዓት ተጠብቆ ይከፈታል፤ ደመናው ሲመለስ ይዘጋል።

ጣሪያ አፍስሶ መጽሐፍ ቢረጥብስ? ለሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ወረቀት ግን እንደ በርበሬ አይሰጣም፤ በፀሐይ በችኮላ የደረቀ ገጽ ይኮማተራል፣ ሽፋኑም እንደ ቀንድ ይጠመዘዛል። የሠለጠነችው ሴት መጽሐፉን በእግሩ አቁማ ገጾቹን እንደ ማራገቢያ ትከፍታቸዋለች። በየጥቂት ገጹ መካከል ውሃ የሚመጥ፣ ምንም ያልታተመበት ወረቀት ታስገባለች፤ እሱ ሲርስ አውጥታ ሌላ ትተካለች። ጋዜጣ አታስገባም፤ የጋዜጣ ቀለም ይዛወራልና። ይህን ሁሉ የምታደርገው በጥላ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ነው። ሻጋታ ያገኘች እንደሆነ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ አትጠርገውም፤ ያ ሻጋታን ማጥፋት ሳይሆን መዝራት ነው። መጽሐፉ ከደረቀ በኋላ፣ ከክፍሉ ውጭ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከጀርባው ወደ ጠርዙ ብቻ ትቦርሻለች። ወደ ውስጥ የተቦረሸ ብናኝ ከስፌቱ ሥር ተደብቆ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል።

ቀጥሎ የተቀደደው ገጽ አለ። ባለሙያና ተርታ ሰው የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ተርታው ስኮች ይለጥፍበታል፤ ለጊዜው ያምራል። ዓመታት ሲያልፉ ፕላስቲኩ ይረግፋል፤ ሙጫው ግን ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፣ አጠገቡ ያለውንም ገጽ ያጣብቃል። ባለሙያዋ ከስንዴ ስታርች አፍልታ ያቀጠነችውን ሙጫ ታቀርባለች። ለመጠገኛ ስስ ግን ጠንካራ ወረቀት ታነሣለች፤ በመቀስ ግን አትቆርጠውም። ውሃ በነከረችው ቀጭን ብሩሽ መስመር ታሰምርበትና በመስመሩ ላይ በእጇ ቀስ ብላ ትገነጥለዋለች። በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ስለት ነው፤ ገጹ በተገለጠ ቁጥር በዚያ መስመር ይታጠፍና ውሎ አድሮ እዚያው ይሰበራል። የተገነጠለው ግን ጠርዙ እንደ ተባዘተ ጥጥ ይበተናል፤ ጭረቶቹ ከገጹ ጋር ይዋሐዳሉ። ደርቆ ጣት ሲያልፍበት ጥገናው የት ጀምሮ የት እንዳለቀ አይለይም።

ወረቀት እንደ እንጨት ቃጫ አለው፤ ቃጫውም በአንድ አቅጣጫ የተኛ ነው። አቅጣጫውን ለማወቅ ወረቀቱን ሳያጥፉ ጎበጥ ማድረግ ይበቃል፤ በአንዱ በኩል እሺ ይላል፣ በሌላው በኩል ያንገራግራል። እሺ ያለው ከቃጫው ጋር የጎበጠው ነው። መጠገኛው ከገጹ ቃጫ ጋር በአንድ አቅጣጫ ካልተኛ፣ እርጥበት በመጣ ጊዜ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ይሳሳባሉ። ሙጫው መቅጠኑም ለቁጠባ አይደለም፤ ወፍራም ሙጫ ለነፍሳት ድግስ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ የስታርች ሙጫ ነገ በውሃ ርሶ ይላቀቃል። ጥገናው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ የሚመለስ ስሕተት ነው። ጥሩ ጠጋኝ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ጠጋኝ ያስባል።

ይህ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ወግ የሚመስለው ሰው የብራና መጽሐፍ ይመልከት። ጠራዡ ጥራዞቹን በሁለቱም ጫፍ መርፌ ባለው ክር እየሰፋ እንደ ሰንሰለት ያያይዛቸዋል፤ ከእንጨት ገበታው ጋርም በዚያው ክር ያጋጥማቸዋል። መጽሐፉን የያዘው ስፌቱ ስለሆነ ሲገለጥ ሳይታገል ይዘረጋል። ከዚያ ቆዳ ይለብሳል፣ ማኅደር ይሰፋለታል፣ በማንገቻው ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። መሬት አይነካውም፣ አየር ይዞረዋል። የዳሪሙዋ ሠራተኛ የታችኛውን ረድፍ አንድ ስንዝር ስታነሣ፣ የጠራዡን አሳብ በጣውላ እየደገመችው ነው።

ዳነ የተባለ መጽሐፍ ካልተገኘ ግን እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ሁለተኛው እጅ ስምና ቁጥር የሚሰጠው እጅ ነው። አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው የአስርዮሽ አመዳደብ በብዙ ቤተ መጻሕፍቶቻችን ይሠራበታል። በእሱ ቡና 633.73 ነው፣ ንብ ማነብ 638.1። የኢሉ አባ ቦር ገበሬ ልጅ የቤተሰቡን ሁለት መተዳደሪያዎች በአንድ መደርደሪያ ላይ ተጠጋግተው ያገኛቸዋል ማለት ነው። ይህ ቀላሉ ነው። ለካታሎገር ፈተና አውጣ ብባል እኔ የማቀርበው ግን ከዚያው አገር የወጣ ሰው ያዘጋጀውን አንድ መጽሐፍ ነው።

ኦነሲሞስ ነሲብ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኢሉ አባ ቦር፣ በዛሬዋ ሁሩሙ አቅራቢያ ተወለደ። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። በኋላ አስቴር ጋኖ እየረዳችው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰው፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። መጽሐፉ ኦሮምኛ ነው፤ የተጻፈው ግን በግእዝ ፊደል ነው። የዛሬው የኦሮምኛ አንባቢ ያደገው በቁቤ ነው። እንግዲህ የት ይቀመጥ?

ችኩል እጅ ፊደሉን አይቶ ከአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ጋር ይሰገስገዋል፤ በቁቤ የሚያነብ ልጅም ለዘላለሙ አያገኘውም። የሠለጠነችው ግን መጽሐፍ የሚመደበው በቋንቋው እንጂ በፊደሉ እንዳልሆነ ታውቃለች። ቁጥሩን እንደ ግድግዳ ድንጋይ በድንጋይ ትገነባዋለች። 220.5 የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች ቤት ነው። ከቋንቋዎች ሠንጠረዥ የኦሮምኛን 9355 ታመጣና ከኋላው ትቀጥላለች፤ 220.59355 ይሆናል። የአማርኛው በዚሁ መንገድ ሲሠራ 220.59287 ነው። ሁለቱ በአንድ ረድፍ ተከታትለው ይቆማሉ፤ አንዱ ግን ሌላውን አይውጠውም። ከነጥቡ በኋላ ባሉት አምስት አኃዞች ውስጥ ያለውን ፍትሕ ያስተዋለ ሰው፣ ካታሎግ ማዘጋጀትን የጸሐፊነት ሥራ ነው ብሎ አያቃልለውም።

ቁጥሩ ካለቀ ስሙ ይመጣል። ተርጓሚው ሲወለድ ሂካ ተባለ፤ ኦነሲሞስ የኋላ ስሙ ነው፤ በኦሮሞ ዘንድ አባ ገመቺስ ተብሎም ይጠራል። በውጭው ልማድ የመጨረሻው ስም ይቀድማል፤ እኛ ዘንድ ግን ሁለተኛው ስም የአባት እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለምና ደራሲ የሚመዘገበው በገዛ ስሙ ነው። ስለዚህ ዋናው የስሙ ካርድ “ኦነሲሞስ” ይላል፤ በ“ሂካ” እና በ“አባ ገመቺስ” ሥር ደግሞ ወደ እሱ የሚመሩ ሌሎች ካርዶች ይገባሉ። አማርኛውም የራሱ ወጥመድ አለው። “ዐፄ” ብሎ የጻፈ አለ፣ “አፄ” ያለም፣ “ዐጼ” ያለም፣ “አጼ” ያለም። ድምፁ አንድ፣ በፊደል ተራ ግን ቦታው አራት ነው። ዓመቱም ያስታል። “ፍቅር እስከ መቃብር” በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ዘመኑን ሳይለይ 1958 ብሎ ብቻ የመዘገበ ሰው ለውጭ ተመራማሪ መጽሐፉን ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ያንን ሁለት ፊደል፣ “ዓ.ም.”ን፣ አለመርሳት ራሱ ሥልጠና ነው።

ይህ ጥበብ የሚተላለፍባቸው መንገዶች አገራችን ውስጥ አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳ ድጋፍ የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን ትምህርት ቤት ሙያውን እስከ ድኅረ ምረቃ አድርሶታል። ኮድ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በገጠር ከተሞች ያሉ የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍትን እየረዳ ሠራተኞቻቸውን ያሠለጥናል። በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ይሠራ የነበረው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም ተመልሶ ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭኖ ልጆቹ ያሉበት ድረስ አደረሰ። መቱም ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ለዳሪሙ የሚቀርበው የሙያ ጠረጴዛ እዚያ ሊዘረጋ ይችላል።

ጠረጴዛ ማለቴ ሆን ብዬ ነው። ሥልጠና ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው አዳራሹን ነው፤ ባነር፣ ስላይድ፣ የሻይ ዕረፍት፣ አበል፣ በመጨረሻም ሰርተፍኬት። በአዳራሽ ውስጥ ስለ ሙጫ መስማት ይቻላል፤ የሙጫን ቅጥነት ማወቅ ግን አይቻልም። የተዋጣለት ሥልጠና በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከአምስት ስድስት ሰው አይበልጥም። ለእያንዳንዱ ከአገልግሎት የወጣ አንድ መጽሐፍ ይሰጠዋል፤ ራሱ ይቀደው፣ ራሱ ይጠግነው። አሠልጣኙ ከሠልጣኙ ፊት ለፊት አይቀመጥም፤ ፊት ለፊት የተቀመጠ እጅ እንደ መስታወት ተገልብጦ ስለሚታይ ግራው ቀኝ ይሆናል። ጎን ለጎን ነው የሚቀመጠው። በሁለተኛው ቀን ሠልጣኙ ከራሱ ቤተ መጻሕፍት ያመጣውን አስቸጋሪ መጽሐፍ ያወጣል፤ ተነጋግረው ቁጥር ይሰጡታል። አሠልጣኙ መልሱን ቢያውቅም ቶሎ አይናገርም፤ መጠበቅ የእሱ የእጅ ጥበብ ነው።

ጊዜውስ? ለኢሉ አባ ቦር ግንቦት ይሻላል፤ ከከባዱ ዝናብ በፊት። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ቤተ መጻሕፍቱም አየሩ በሚከፋበት በዚያ ሁለት ወር ተቆልፎ ይከርማል። የሠለጠነችው ሠራተኛ ቁልፉን ኪሷ ከትታ አትሄድም፤ ደረቅ ሰዓት በተገኘ ቁጥር መስኮት የሚከፍት ሰው ታገኝና ስለ ደመናው አስጠንቅቃው ታስረክበዋለች። ፈታኟ ክረምቱ ነው፤ ውጤቱም የሚታወቀው መስከረም ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ከታችኛው ረድፍ ጥግ አንድ መጽሐፍ ወገቡን ይዛ ታወጣለች፤ መሐሉን ከፍታ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች። ወረቀት ወረቀት ብቻ ከሸተታት አልፋለች።