በፈረንሳይ ቋንቋ ስለ ማወዳደር፤ የላ ፎንቴን እንቁራሪትና በሬ

የፈረንሳይን ቋንቋ መማር የጀመረ ሰው ስምና ግሥ ለይቶ ጥቂት እንደ ገፋ ፈጥኖ የሚሻው ነገር ማወዳደር ነው። ይህ ከዚያ ይበልጣል፤ ያ ከዚህ ያንሳል፤ ሁለቱ ይተካከላሉ ሳይል ሰው በገበያም ሆነ በሸንጎ ሊነጋገር አይችልምና። የጀማሪ መጻሕፍትም ይህን በሦስት መስመር ሰንጠረዥ ይሰጡታል፤ ለብልጫ «ፕሉ»፥ ለማነስ «ሟን»፥ ለእኩልነት «ኦሲ»፥ ከቅጽሉም በኋላ «ከ»። ሰንጠረዡ ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን ተማሪው ቃሉን ይዞ ምሥጢሩን ሳይዝ ይቀራል። ስለዚህ ከሰንጠረዡ አጠገብ አንድ አጭር ግጥም ይነበብ እንላለን፤ ይኸውም ዣን ደ ላ ፎንቴን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1668 ዓመት ባሳተመው የተረት መጽሐፍ፥ በመጀመሪያው ክፍል ሦስተኛ ሆኖ የሚገኘው፥ በሬን ልታክል የወደደችው እንቁራሪት ተረት ነው።

ግጥሙ 14 ስንኝ ብቻ ነው። እንቁራሪቷ በሬ አየች፤ ቀናች፤ ተነፋች፤ ደረስሁ ወይ እያለች እኅቷን ጠየቀች፤ እኅቷም ገና ነሽ አለቻት፤ በመጨረሻ ፈነዳች። ነገሩ ከላ ፎንቴን በፊት በጥንቶቹ የግሪክና የሮም ተረተኞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በእኛም አገር እንቁራሪት ዝሆንን አክላለሁ ስትል መሞቷ በምሳሌ ይነገራል። የፈረንሳዊው ባለቅኔ ብልሃት ግን በማወዳደሪያዎቹ ላይ ይታያል።

በአንዲት ታናሽ ተረት ውስጥ እኩልነትን በሦስት መንገድ ይናገራል። በርእሱ «ኦሲ» እና «ከ» የሚሉትን አግብቶ ምኞቷን በበሬው ይለካል። ቀጥሎ እርሷ ዕንቁላል እንኳ የማታህል መሆኗን ሲናገር «ኮም» ይላል፤ ይህም የእኛ «እንደ» ነው። ሦስተኛ በመጠን በሬውን መተካከል መፈለጓን ሲገልጽ «ኤጋሌ» የሚለውን ግሥ ያመጣል። ምኞቷ በበሬ፥ እውነቷ በዕንቁላል ተለክቶ ስናይ፥ ከመፈንዳቷ በፊት መጨረሻዋን ዐወቅነው። ሰንጠረዥ ይህን አያስተምርም።

አማርኛ ተናጋሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የፈረንሳዩ «ከ» በድምፅ ከእኛ «ከ» ጋራ ስለ ሚቀራረብ ጀማሪው ደስ ይለዋል፤ በብልጫና በማነስም ይረዳዋል። ነገር ግን ሁለቱ ዘመዳሞች አይደሉም። የእኛ «ከ» እንደ ግእዙ «እምነ» መነሻን ያመለክታል፤ ከቤት ወጣ እንደምንል፥ ከወንድሙ ይበልጣል ስንልም ከወንድሙ ልክ ተነሥቶ ማለፉን ነው። የፈረንሳዩ «ከ» ግን መነሻ ሳይሆን ማያያዣ ነውና እኩልነትንም ያለ ችግር ያገለግላል። እኛ ለእኩልነት «እንደ» ማለት ስለ ለመድን፥ ተማሪው «ኦሲ» ብሎ ሲያበቃ «ኮም» ይጨምርበታል፤ ይህም ስሕተት ነው። ሥርዓቱ አጭር ነው፤ «ኦሲ» ካለ «ከ» ይከተለዋል፤ «ኮም» የሚገባው «ኦሲ» በሌለበት ነው። እንዲሁም «ቦን» በሚለው ቅጽል ላይ «ፕሉ» አይጨመርም፤ የተሻለውን ነገር «ሜዬር»፥ የተሻለውን አሠራር «ምዩ» ይሉታል፤ እኛ ሁለቱንም «ይሻላል» በሚለው አንድ ግሥ እንናገራለን።

ከዚህ የሚከፋው ተማሪው ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚያመጣው ነው። «ፕሉ»ን ሁሉ «የበለጠ» እያለ ይተረጕምና «ይህ ቤት ከዚያ የበለጠ ትልቅ ነው» ይላል። ፈረንሳይኛ መለኪያውን በቅጽል ላይ ይጨምራል፤ በአማርኛ ግን ግሡ ራሱ መለኪያ ነው፤ ይበልጣል፥ ያንሳል፥ ይሻላል፥ ይብሳል፥ ያህላል። «ይህ ቤት ከዚያ ይተልቃል» ማለት ሳለን በባዕድ አገባብ የምንነፋው ስለ ምን ነው? ላ ፎንቴን ራሱ «ኤጋሌ» ሲል በእኛ መንገድ ሄዷል።

ግጥሙ ለጀማሪ ነቀፋ የለውም አንልም። የእኅቲቱ የእንቢታ ቃልና እንቁራሪቷ የተሰደበችበት ስም ዛሬ ያረጁ ናቸውና መምህሩ ሊፈታቸው ይገባል። በፍጻሜው ግን ባለቅኔው ወደ ሰዎች ተመልሶ ከእርሷ የማይሻሉ ብዙዎች በዓለም መኖራቸውን ሲናገር፥ «ፕሉ» ብሎ ጥበባቸውን ከለካ በኋላ በ«ከ» ሊመጣ የሚገባውን ይተወዋል። ከማን እንደማይበልጡ አንባቢው ራሱ ይሞላዋል። ሰሙን አይቶ ወርቁን መፈለግ ለለመደ የቅኔ ተማሪ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። በርእሱ ያለው ቅጽል «ግሮስ» በአንስታይ ተነግሯል። በሬው ተባዕታይ ሳለ፥ ቅጽሉ የሚስማማው ከምትለካው ከእንቁራሪቷ ጋራ ነው እንጂ ከመለኪያው ከበሬው ጋራ አይደለም። እርሷ በሬን ልታክል ወደደች፤ ሰዋስው ግን እንቁራሪትነቷን አልለቀቀላትም። የባዕድ ቋንቋ የሚማር ሁሉ ይህን ያስብ፤ ሌላውን አይቶ መለካት መልካም ነው፤ የራስን ባሕርይ ጥሎ መነፋት ግን አይጠቅምም።