«አደፍርስ» ለወጣት አንባቢ፤ አጭር ሂሳዊ ግምገማ

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ከፍ ያለ ሥፍራ ይዟል። ይሁን እንጂ አንድ መጽሐፍ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ንባብ ሲመረጥ ዝናው ብቻ መመዘኛ ሊሆን አይገባም። በጭንቀት ዕድሜ ላይ ለሚገኝ ወጣት ምን ይሰጠዋል? ተብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

መነሻው ተስፋ የሚሰጥ ነው። ዋናው ባለታሪክ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ በደብረ ሲና አካባቢ ገጠር ገብቶ በአሮጌውና በአዲሱ ኑሮ መካከል ይቆማል። ስሙም «ሳይደፈርስ አይጠራም» የሚለውን ብሂል ያስታውሳል። ነገር ግን አደፍርስ የሚሟገት እንጂ የሚጨነቅ ወጣት ሆኖ አልተሣለም። ስለ ባህልና ስለ ሥልጣኔ አብዝቶ ይናገራል፤ ብቻውን ሲሆን የሚያስፈራው ምን እንደሆነ ግን አንባቢው እምብዛም አይረዳም። በእናቷ በወይዘሮ አሰጋሽ ሥርዓትና በገዛ ልቧ መካከል የተያዘችው ጺወኔ የተሻለ በር ትከፍታለች፤ ሆኖም የክርክሩ ድምፅ ይጫናታል።

ይህ ጉድለት በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ትምህርት ቤቶች ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በእነዚህ ከተሞች ብዙዎቹ ተማሪዎች በአንደኛ ደረጃ የተማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛን ያጠኑት እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። ስለዚህ የሸዋ ገጠር አነጋገር የበዛበት ምልልስ ከታሪኩ ይልቅ ከቃላቱ ጋር ያታግላቸዋል። ጭንቀታቸውም ሌላ መልክ አለው። የወላጆቻቸው ማሳ ወደ ፋብሪካና ወደ መኖሪያ ቤት ሲለወጥ አይተዋል። በ2015 ዓ.ም. በተገለጸው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩም ሰምተዋል። ይህን ሥጋት የተሸከመ ወጣት የሚፈልገው ፍርሃቱን በስሙ የሚጠራለት ታሪክ እንጂ በሐሳብ ሙግት የሚረታ ባለታሪክ አይደለም።

ጥፋቱ የደራሲው ነው ማለት አይቻልም፤ ዳኛቸው መጽሐፉን የትምህርት ቤት መማሪያ ይሆናል ብሎ አልደረሰውም። ስሕተት የሚሆነው ለአዋቂ የተጻፈን ሥራ ያለ ዝግጅት ለወጣት መስጠት ነው። እንግዲህ መምህራን መጽሐፉን በሙሉ ከማዘዝ ይልቅ ስለ ጺወኔ የሚናገሩትን ምዕራፎች መርጠው፣ ከቃላት መፍቻ ጋር በክፍል ውስጥ ቢያስነብቡ ይበጃል። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች በበኩላቸው የዛሬውን ወጣት ልብ የሚገልጹ አዳዲስ ድርሰቶች በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እንዲጻፉ ሊያበረታቱ ይገባል። ይህ እስካልተደረገ ድረስ ተማሪው መጽሐፉን ለፈተና ሲል ያነበዋል፤ ጭንቀቱን ግን ብቻውን እንደያዘ ይቀራል።